ቻርሊ ብራውን አሁንም ኳሷን አልመታትም

ባለፈው እትም ከልጆች ጋር ቤት ቁጭ ብለው የሚያዩአቸውን ፊልሞች ስንጠቁም «ዘ ፒናትስ ሙቪ»ን አንስተን ነበር። ስኑፒ የሚባለው ነጭ ውሻና ጌታው ቻርሊ ብራውን ያሉበት፣ በ2015 የወጣው የኮምፒውተር አኒሜሽን ነው። ከዚያ ወዲህ ስለዚሁ ፊልም ብዙ ጥያቄ ስለደረሰን የዛሬውን አምድ ለእሱ ሰጥተነዋል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፊልሙን ገና ያላያችሁ ደግሞ ልብ በሉ፣ መጨረሻውን የሚያነሳ መልስ አለ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ ልጆቼን እየያዘችልኝ ነው። እሷ እንግሊዝኛ አትችልም፣ የልጆቹ አማርኛ ደግሞ ደከም ያለ ነው። ስድስትና ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ይሄን ፊልም አብረው ሊያዩት ይችላሉ? (የሁለት ልጆች እናት)

ይችላሉ እህቴ፣ በደንብ ነው የሚችሉት። ብዙው ቦታ ላይ ቃል የለም። ስኑፒ አያወራም፤ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ያጉረመርማል እንጂ አንድ ቃል አይወጣውም። ውድስቶክ የሚባለው ትንሹ ቢጫ ወፍም እንደዚያው። የሁለቱም ድምፅ የቢል ሜሌንዴዝ ነው። ከ1965 ጀምሮ የእነ ቻርሊ ብራውንን የቴሌቪዥን ፊልሞች ሲመራና ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። እሱ በ2008 ሞቷል፤ የአዲሱ ፊልም ሠሪዎች ግን በሌላ ሰው አልተኩትም፣ የድሮ ቅጂዎቹን ፈልገው አውጥተው ተጠቀሙባቸው። ይሄን ሳውቅ ፊልሙን ይበልጥ ወደድኩት።

ትልልቅ ሰዎቹም ቃል የላቸውም። አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ ስትናገር የምንሰማው ዋ-ዋ-ዋ የሚል ትሮምቦን ነው፣ የነፋው ደግሞ የኒው ኦርሊንሱ ትሮምቦን ሾርቲ ነው። እዚያ ላይ እናትሽና ልጆችሽ እኩል ናቸው።

ለእናትሽ መነሻውን ብቻ ቀድመሽ ንገሪያት። አንድ ዓይን አፋር ልጅ አለ፣ የሚሞክረው ሁሉ ይበላሽበታል፣ ፊት ለፊታቸው ካለው ቤት ቀይ ፀጉር ያላት ልጅ ትገባለች፣ ከዚያ በኋላ በእሷ ዓይን ደህና ሰው ሆኖ ለመታየት የማይሆነው ነገር የለም። የቀረውን ልጆቹ ይንገሯት። «አሁን እንዲህ አላት፣ አሁን ደግሞ ወደቀ» እያሉ በተንተባተበ አማርኛም ቢሆን ለአያታቸው ይተርኩላት፤ አማርኛ ተናገሩ ተብለው ከሚታዘዙ ይልቅ አያታቸው እንዲገባት ብለው ሲናገሩ ነው አፋቸው የሚፈታው።

የሚያስፈራ ነገርን በተመለከተ፣ ስኑፒ በምናቡ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ሆኖ ሬድ ባሮን ከሚባለው ጀርመናዊ አብራሪ ጋር በአየር ላይ ይፋለማል። ደም የለም፣ የሚሞትም የለም። እንደኔ እንደኔ ግን እነዚህ ክፍሎች ከሚገባው በላይ ረዝመዋል፣ ልጆችሽ መሃል ላይ ቢሰላቹ አይግረምሽ። በአሜሪካ ደረጃ አሰጣጥ ፊልሙ ለሁሉም ዕድሜ የተፈቀደ ነው፣ ርዝመቱም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

አዲስ አበባ አኒሜሽን እየተማርኩ ነው። ፊልሙ ስሪዲ ነው፣ ሲታይ ግን ወረቀት ላይ የተሳለ ይመስላል። እንዴት አድርገው ነው የሠሩት? እኔ ስሠራ ሁሉም ነገር ላስቲክ ይሆንብኛል። (ተማሪ)

ወንድሜ፣ የዚህ ፊልም ትልቁ ሥራ ያለው አንተ የጠየቅከው ነገር ላይ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ከማን እጅ እንደወጣ ማወቅ አለብህ። ቻርልስ ሹልዝ ፊልሙ የተነሳበትን «ፒናትስ» የተባለ ኮሚክ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) ጋዜጣ ላይ ማውጣት የጀመረው በጥቅምት 2 ቀን 1950 ነው። እስከ 2000 ድረስ 17,897 ሥዕላዊ ታሪኮች ሠርቷል፣ ሁሉንም በራሱ እጅ፣ የሚስልለት ረዳት ሳይኖረው። በኋለኞቹ ዓመታት እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር መስመሩም ይንቀጠቀጣል፣ ያ እንኳ አምሮበታል። እንግዲህ የዚህን ሰው መስመር ነው ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት የነበረባቸው።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ የቻርሊ ብራውን ጭንቅላት በስሪዲ ሊኖር የማይችል ጭንቅላት ነው። ከፊት ሲሳል ዓይኖቹ ሁለት ነጠብጣቦች ናቸው፣ አፍንጫው መሃል ላይ ናት፣ ግንባሩ ላይ አንዲት የተጠማዘዘች ፀጉር አለች። ከጎን ሲሳል ደግሞ የሁሉም ቦታ ይቀየራል። ሁለቱን ሥዕሎች አንድ ላይ ሊይዝ የሚችል ድቡልቡል ነገር የለም። ሞዴሉን ሠርተህ ቀስ ብለህ ብታዞረው መሃል መንገድ ላይ የማታውቀው ልጅ ፊት ታገኛለህ።

ፊልሙን የሠራው ብሉ ስካይ ስቱዲዮ ነው፣ ዳይሬክተሩ ስቲቭ ማርቲኖ። እነሱ ያደረጉት ኮምፒውተሩ የሚወደውን ነገር መከልከል ነው። ለእያንዳንዱ አቅጣጫ የራሱን የፊት አቀማመጥ ሠሩ። ቻርሊ ብራውን ከፊት ወደ ጎን ሲዞር መሃሉ የለም፣ ዘሎ ነው የሚደርሰው። አንተ ስታየው አይታወቅህም፣ ምክንያቱም በእጅ የተሳሉ የድሮ ካርቱኖችም እንደዚያው ነበሩ።

ሌላው ፍጥነቱ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ተከታታይ ምስል ነው። ብዙ የኮምፒውተር አኒሜሽን በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ አቋሙን ይቀይራል፣ ለዚያ ነው እንደ ቅቤ የሚንሸራተተው። እዚህ ግን አንድ አቋም ሁለት ፍሬም ይቆያል፣ ስለዚህ በሰከንድ 12 አቋም ብቻ ነው ያለው። ያቺ ትንሽ ቆረጥ ቆረጥ የምትል እንቅስቃሴ ናት «በእጅ የተሳለ» የምታስመስለው። አንድ ሰው ፈጥኖ ሲሮጥ ደግሞ በካሜራ እንደተነሳ ፎቶ አይደበዝዝም፤ ብዙ እግሮችና የፍጥነት መስመሮች ይሳሉለታል፣ ልክ ጋዜጣው ላይ እንደነበረው። ቅንድብና አፍም የተቀረጹ ነገሮች አይደሉም፣ ፊቱ ላይ የተሰመሩ የቀለም መስመሮች ናቸው። ቻርሊ ብራውን ሲያስብ ከጭንቅላቱ በላይ የሚወጣው ሐሳብ ደግሞ በእርሳስ የተሳለ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው።

ካሜራውንም ልብ ብለህ እየው። ልጆቹ ሰፈር ውስጥ ሲሆኑ በልጆቹ ቁመት ልክ ይቆማል፣ ከጎን ያያቸዋል፣ አይዞርም አይበርም። ስኑፒ በምናቡ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ግን ይለቀቃል፣ ጥልቀቱ ሁሉ ይከፈታል። ሁለቱ ዓለማት የሚለዩት በዚህ ነው። ስሪዲን የት መጠቀም እንዳለባቸው ብቻ ሳይሆን የት መተው እንዳለባቸውም አውቀዋል፤ ለእኔ ይሄ ነው የዚህ ፊልም ሙያ።

አሁን ወደ አንተ ላስቲክ። ላስቲክ የሚሆንብህ አንተ ባስቀመጥካቸው ሁለት አቋሞች መሃል ያለውን ሁሉ ኮምፒውተሩ በራሱ እያለሰለሰ ስለሚሞላው ነው። ብሌንደር የሚባለውን የስሪዲ ፕሮግራም የምትጠቀም ከሆነ (ነፃ ስለሆነ ብዙ ተማሪ በእሱ ነው የሚጀምረው) ኢንተርፖሌሽኑን ኮንስታንት ላይ አድርገው፣ መሙላቱን ያቆማል። ከዚያ እያንዳንዱን አቋም አንተ ራስህ በየሁለት ፍሬሙ አስቀምጥ። አድካሚ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን እንቅስቃሴው ያንተ ይሆናል። ለአፍና ለቅንድብ ግሪስ ፔንስል የሚባለውን መሣሪያ ሞክር፣ በቀጥታ ሞዴሉ ላይ ትስልበታለህ። ከሁሉ በፊት ግን ገጸ ባሕሪህን በእርሳስ ወረቀት ላይ ከስድስት አቅጣጫ ሣለው። የብሉ ስካይ ሰዎች ራሳቸው ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሮዛ ወዳለው የሹልዝ ሙዚየም ሄደው ዋናዎቹን ሥዕሎች ሲያጠኑ ነበር።

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ፊልሙን አብረን አየን፣ ወደደው። እኔን ግን ቅር ያለኝ ነገር አለ። ይሄ ቻርሊ ብራውን የነካው ሁሉ ይበላሻል። ዋናው ሰው ሁልጊዜ የሚሸነፍበት ፊልም ለልጅ ምን ይጠቅመዋል? (አባት፣ ከሐዋሳ)

ቅሬታዎ ይገባኛል፣ ግን አልስማማም። ልጁ በምን ምክንያት እንደሚሸነፍ አንድ በአንድ ይዩልኝ።

ትምህርት ቤት የተሰጥኦ ዝግጅት ላይ የአስማት ትርኢት ተዘጋጅቶ ሊያቀርብ ነበር፣ ያቺ ቀይ ፀጉሯ ልጅም ልታየው ነው። ታናሽ እህቱ ሳሊ ግን መድረክ ላይ ወጥታ ነገሩ ተበላሸባት፣ ሰዉ ይስቅባት ጀመር። የራሱን ትርኢት ትቶ፣ የላም ልብስ ለብሶ ሄደና አዳናት። ራሱ ተዋረደ።

ከዚያ ፈተናውን መቶ ከመቶ አገኘ ተባለ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ አከበረው፣ ሜዳሊያ ሊሰጡት ሰበሰቡ። በሰው ሁሉ ፊት ወረቀቱን ሲያየው የእሱ አይደለም፣ የክፍል ጓደኛው የፔፐርሚንት ፓቲ ነው። ማንም አላወቀበትም፣ ዝም ቢል ያልፍ ነበር። ሜዳሊያውን መለሰ።

ቆይቶ ደግሞ የቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» ያክል መጽሐፍ በቅዳሜና እሑድ አንብቦ ጽሑፍ ሠራ፣ አብራው የምትሠራው ያቺው ልጅ አያቷ ታመውባት ስለሄደች ለሁለቱም ብሎ። አንዲት መጫወቻ አውሮፕላን መጥታ ጽሑፉን ብጭቅጭቅ አደረገችበት።

እንግዲህ እነዚህን «ሽንፈት» ካልናቸው ልጅዎ እንደዚህ ቢሸነፍ አይከፉም ብዬ አምናለሁ። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ለክረምቱ ደብዳቤ እንዲጻጻፋት የምትመርጠው እሱን ነው፣ ለምን ብሎ ሲጠይቃት ምክንያቷ እነዚሁ ናቸው፦ ለእህቱ ያደረገው፣ ሜዳሊያውን የመለሰው። ልጅ ይህን ሲያይ ሳይታይለት የቀረ የመሰለው ነገር ታይቶለት እንደነበር ይረዳል።

እንዲያውም እኔ በተቃራኒው ነው የምከራከረው፣ ፊልሙ ከኮሚኩ ይልቅ ደግ ሆኖለታል። ሹልዝ ቀይ ፀጉሯን ልጅ ፊቷን አሳይቶ፣ አናግሯት አያውቅም፤ ቻርሊ ብራውን በሩቅ ሲያያት ነው የኖረው። ሹልዝ ራሱ በወጣትነቱ ቀይ ፀጉር ያላትን ሴት ለጋብቻ ጠይቆ እምቢ ተብሏል፣ የትምህርት ቤቱ የዓመት መጽሔትም ሥዕሎቹን አልቀበልም ብሎት ያውቃል። ያንን ስሜት ለሃምሳ ዓመት ሳያለሰልስ ነው የሳለው። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ሁሉ ቻርሊ ብራውንን ትከሻቸው ላይ ሲያወጡት ለእኔ ትንሽ በዝቷል። ግን ስም ዝርዝሩ ሲወርድ ቶሎ እንዳትነሱ። ሉሲ የምትባለው ጓደኛው እንደ ድሮዋ ኳሷን ይዛ ትመጣለች፣ «ና ምታት፣ አላነሳትም» ትለዋለች፣ ያምናታል፣ ሮጦ ይመጣል፣ ታነሳበታለች፣ በጀርባው ይወድቃል። ያቺን ባይጨምሩ ፊልሙን ይቅር የምላቸው አይመስለኝም።

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው ያለነው። ልጄ «እኔን የሚመስል አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለው» አለችኝ። ፍራንክሊን ስለሚባለው ልጅ ምን ልንገራት? (እናት)

በጣም ጥሩ ታሪክ አለው፣ ሙሉውን ንገሪያት።

በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ሃሪየት ግሊክማን የምትባል የሎስ አንጀለስ አስተማሪ ለሹልዝ ደብዳቤ ጻፈች። አንድ ጥቁር ልጅ ኮሚክህ ውስጥ ብታስገባ ጥሩ ነው የሚል ነው። ሹልዝ መጀመሪያ ፈራ፤ ከላይ ሆኜ የማዝን ይመስልብኛል አለ። እሷ ግን አልተወችውም፣ ጥቁር ጓደኞቿም ምን እንደሚሰማቸው እንዲጽፉለት አደረገች። በሐምሌ 31 ቀን 1968 ፍራንክሊን ወጣ። ባሕር ዳርቻ ላይ የቻርሊ ብራውንን ኳስ ከውኃ አውጥቶ ሲመልስለት ነው የተዋወቁት። አባቱ ቬትናም ጦርነት ላይ ያለ ልጅ ነው። ከነጭ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጡን ያልወደዱ ነበሩ፣ የኮሚኩን ሥርጭት የሚመራውም ሰው ያሳስበው ነበር፤ ሹልዝ ግን እንደሳልኩት ካላተማችሁት እተወዋለሁ ብሎ እንደመለሰ ራሱ ተናግሯል።

ጉድለቱንም አትደብቂያት። በ1973ቱ የምስጋና ቀን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ፍራንክሊን ከጠረጴዛው በአንድ በኩል ብቻውን ነው የተቀመጠው፣ ሌሎቹ ሁሉ በወዲያ በኩል። ብዙ ሰው ለዓመታት አዝኖበታል። በ2024 ስለ ፍራንክሊን ብቻ የሚናገር አዲስ ዝግጅት በአፕል ቲቪ ወጣ፣ እዚያ ላይ ጓደኞቹ ጠርተው ከጎናቸው ያስቀምጡታል። ከ2015ቱ ፊልም ቀጥሎ እሱን አሳያት፤ በፊልሙ ውስጥ ፍራንክሊን ድርሻው ትንሽ ነው፣ እኔም ቅር ብሎኛል።

ከተማችሁም የሹልዝ ከተማ ነው። ሚኒያፖሊስ ተወልዶ ያደገው ሴንት ፖል ነው፣ አባቱ እዚያ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። መሃል ከተማ ራይስ ፓርክ አጠገብ የገጸ ባሕርያቱ የነሐስ ሐውልቶች አሉ፣ አየሩ ሲሞቅ ውሰጃት።

እኔ በቶምና ጄሪ ያደግሁ ሰው ነኝ። አሁን አሮጌ ካርቱን ሁሉ በኮምፒውተር እየተነሳ ነው። ለምን እንዳለ አይተውትም? ገንዘብ ብቻ አይደለም ወይ? (የስልሳ ሁለት ዓመት አንባቢ)

ገንዘብ አለበት ጋሼ፣ አልክድዎትም። ይሄ ፊልም ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ240 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ግን ገንዘብ ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም።

እርስዎ የጠቀሷቸውን ቶምና ጄሪን ልውሰድ። ሃና እና ባርቤራ በ1940 የጀመሩዋቸው ሰባት ኦስካር ያገኙ አጫጭር ፊልሞች ናቸው፣ ኃይላቸው ያለ ንግግር አንድ ቤት ውስጥ መሯሯጣቸው ነው። በ2021 ሲነሱ ኒው ዮርክ ሆቴል ውስጥ ከእውነተኛ ተዋናዮች ጋር ተደባለቁ። ድመቷና አይጧ አሁንም ቆንጆ ናቸው፣ ነገር ግን ሰዎቹ ሲያወሩ እነሱ ይጠብቃሉ። ስመርፎች የሚባሉት ትንንሽ ሰማያዊ ፍጡራንም በ2011 እንዲሁ ኒው ዮርክ ተወሰዱ። ቤልጅጋዊው ፔዮ በ1958 ሲፈጥራቸው ጫካ ውስጥ መንደር ነበራቸው፣ ከመንደራቸው ሲወጡ የሚቀረው ሰማያዊ ቀለማቸው ነው። በ2017 ወደ መንደራቸው የመለሳቸው ሙሉ አኒሜሽን ሲወጣ ይሄው ራሱ ታየ፣ የተሻለ ነበር።

የእነ ስኑፒ ለየት የሚለው ጽሑፉን የጻፉት የሹልዝ ልጅ ክሬግና የልጅ ልጁ ብራያን ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ስለሆነ ነው። ሹልዝ ከእሱ በኋላ ሌላ ሰው ኮሚኩን እንዲስል አልፈለገም። በየካቲት 12 ቀን 2000 ሞተ፣ የመጨረሻው የእሑድ ሥዕሉ በማግስቱ ታተመ፣ ከዚያ ወዲህ ጋዜጦች የሚያወጡት የድሮዎቹን ነው። ቤተሰቡ ይህን ጠብቋል። ፊልሙም ውስጥ ሞባይል የለም፣ ስልኩ ባለ ገመድ ነው፣ ስኑፒ የሚጽፈው በታይፕራይተር ነው፣ የድሮዎቹን የቴሌቪዥን ፊልሞች ሙዚቃ የሠራው የቪንስ ጓራልዲ የጃዝ ፒያኖም አለ። መሃል ላይ አንድ የዘመኑ ፖፕ ዘፈን አስገብተውበታል፣ እሱን ባወጡት ደስ ይለኝ ነበር።

የሚያሳዝነው፣ ዲዝኒ በ2019 የብሉ ስካይን ባለቤት ፎክስን ከገዛ በኋላ ብሉ ስካይ በ2021 ተዘጋ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተማሩት ሰዎች ተበተኑ።

ከፊልሙ በኋላ ልጆቼ «ሌላስ?» አሉኝ። ከየት ልጀምርላቸው? (እናት፣ ከአዳማ)

በ1965ቱ የገና ዝግጅት ጀምሪላቸው፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ድምፁን የሠሩት እውነተኛ ልጆች ናቸው፣ የተቀዳ የሰው ሳቅም አልጨመሩበትም፤ ያኔ ይሄ ያልተለመደ ነበር። ከዚያ ኮሚኩን ራሱን ፈልጊ። ከ2004 እስከ 2016 ድረስ ሁሉም በ26 ቅጽ ተሰብስቦ ታትሟል። ከመጀመሪያው ቅጽ ግን አትነሺ፣ እዚያ ላይ ስኑፒ ገና በአራት እግሩ የሚሄድ ተራ ቡችላ ነው፣ ልጆቹ አያውቁትም። ከ1960ዎቹ አንዱን ስጫቸው። ስኑፒ የቤቱ ጣሪያ ላይ ተንጋሎ የሚተኛው፣ ከሬድ ባሮን ጋር የሚዋጋውም እዚያ ነው።